የዊኪ ኤዲታቶን ማዘጋጃ ሶፍትዌርን ለኛ እንዲመች አርጎ ማሻሻል፦ ከጎንደር ለምትጀምሩ ዝርዝር መመሪያ

ኤዲታቶን (ሰዎች ተሰብስበው የዊኪፔዲያ ጽሁፍ የሚጽፉበትና የሚያርሙበት ፕሮግራም) ያዘጋጀ ሰው ያውቀዋል፣ ከመጻፉ በላይ የሚያደክመው ማደራጀቱ ነው። ማን ተመዘገበ፣ ማን አካውንት የለውም፣ ማን የትኛውን ጽሁፍ ያዘ፣ በመጨረሻ ስንት ተጻፈ... ይሄን ሁሉ በወረቀትና በቴሌግራም ግሩፕ ለመያዝ መሞከር ቀኑን ይበላዋል። ለዚህ ስራ ተብሎ የተሰራ ሶፍትዌር አለ፣ ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ችግሩ ሶፍትዌሩን የሚሰሩት ሰዎች የኛን ሰዓት፣ የኛን ፊደል፣ የኛን ኔትወርክ አያዩትም። የምናየው እኛ ነን፣ ስለዚህ ማስተካከሉም ከኛ ቢጀምር ነው ሚያምረው። ፕሮግራመር መሆን ግዴታ አይደለም፣ ከታች ካሉት ስራዎች ግማሹ ኮድ አይፈልግም።

መጀመሪያ የትኛው ሶፍትዌር እንደሆነ እንለይ

ሁለት አሉ በብዛት የሚሰራባቸው። አንደኛው ፕሮግራምስ ኤንድ ኢቨንትስ ዳሽቦርድ የሚባለው ነው፣ ዊኪ ኤጁኬሽን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ነው የሚያለማው። ኮዱ ጊትሃብ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበትና አብረው የሚሰሩበት ድረገጽ) ላይ ዊኪኢዱዳሽቦርድ በሚል ስም ተቀምጧል፣ ፈቃዱ ኤምአይቲ ነው (ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው ይችላል)፣ ከኋላ (ሰርቨሩ ላይ) ሩቢ ኦን ሬይልስ ከፊት (ተጠቃሚው በሚያየው በኩል) ሪአክት ነው የተሰራበት። ተሳታፊው ሊንክ ይከፍታል፣ በዊኪሚዲያ አካውንቱ (ዊኪፔዲያ ላይ በሚገባበት) ይገባል፣ ከዛ በኋላ የሚያደርገውን ኤዲት ሶፍትዌሩ እየተከተለ ይቆጥርለታል። ሁለተኛው ካምፔይንኢቨንትስ የሚባለው ሚዲያዊኪ (ዊኪፔዲያ የሚሰራበት ሶፍትዌር) ላይ የሚጫን ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) ነው፣ ይሄኛው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የሚሰራው ሲሆን ምዝገባውን እዛው ዊኪው ውስጥ ያደርገዋል። ኮዱ ፒኤችፒ ነው፣ ለውጥ የሚላከውም በጌሪት (የኮድ ለውጥ በሚገመገምበት ድረገጽ) ነው፣ ስራዎቹ ደግሞ ፋብሪኬተር (የዊኪሚዲያ የስራና የጥያቄ መመዝገቢያ) ላይ ይመዘገባሉ።

ለጀማሪ እኔ የምመክረው ዳሽቦርዱን ነው። ጊትሃብን ብዙ ተማሪ ያውቀዋል፣ ጌሪት ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል። እዚህ የምጽፈውም በአብዛኛው ስለ ዳሽቦርዱ ነው፣ ሀሳቡ ግን ለሁለቱም ይሰራል።

ሳትነኩት ተጠቀሙበት

ኮዱን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ትንሽ ፕሮግራም አዘጋጁበት፣ አምስት ስድስት ሰው ይበቃል። ርእሱ ቅርብ ይሁን፦ ፋሲል ግቢ (እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበው)፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ የጥምቀት በዓል፣ የሰሜን ተራሮች። አንድ ሰው ግን ምንም አይጻፍ፣ ስራው ማየት ብቻ ይሁን። ደብተር ይዞ ከተሳታፊው ጎን ይቀመጥና ሰው የቆመበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግብ፣ የትኛው ገጽ ላይ ቆመ፣ ምን ተጭኖ ምን ጠበቀ፣ ምን መጣ። "አስቸጋሪ ነው" ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፣ "መመዝገቢያውን ሲጫን ወደ እንግሊዝኛ ገጽ ሄደና መመለሻው ጠፋበት" ሲባል ግን ሊስተካከል የሚችል ነገር ሆነ ማለት ነው። ተሳታፊውን አትርዱት፣ ቢያንስ ለትንሽ ደቂቃ ተዉት ራሱ ይፈልግ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ እንግዳ ሲቸገር እያዩ ዝም ማለት ባህላችን አይደለም፣ ግን ማስታወሻው ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው።

ስልክ የያዘና ላፕቶፕ የያዘ ሰው መቀላቀል አለበት። እዚህ አብዛኛው ሰው በስልክ ነው የሚገባው፣ ገንቢዎቹ ደግሞ ትልቅ ስክሪን ላይ ነው የሚሰሩት፣ ስለዚህ ብዙ ክፍተት የሚገኘው ስልኩ ላይ ነው።

አካውንት ላይ ሚፈጠረውን መጨናነቅ ቀድማችሁ ፍቱት

ይሄ የሶፍትዌር ለውጥ ሳይሆን ዝግጅት ነው፣ ግን ካልታሰበበት ቀኑን ሙሉ ያበላሸዋል። ዊኪሚዲያ ላይ ከአንድ አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ ግንኙነታችሁ የሚለይበት ቁጥር) በ24 ሰዓት ውስጥ 6 አካውንት ብቻ ነው መክፈት የሚቻለው። አንድ ዋይፋይ ላይ ሃያ ሰው ሲሰበሰብ ሰባተኛው ሰው ላይ ይቆማል። በሞባይል ዳታ ብትሄዱም ብዙ ሰው አንድ አይፒ ሊጋራ ስለሚችል ሙሉ መፍትሄ አይሆንም። መፍትሄው ሶስት ነው፦ ሰዎች ከቤታቸው ቀድመው አካውንት እንዲከፍቱ ማድረግ፣ ከሳምንታት በፊት ፋብሪኬተር ላይ ለዛ አይፒና ለዛ ቀን ገደቡ እንዲነሳ መጠየቅ፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን አካውንት መጠየቂያ መጠቀም። የመጨረሻው ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ተሳታፊው የሚፈልገውን ስምና ኢሜይል ይሞላል፣ ፈቃድ ያለው ሰው ይከፍትለታል።

እዚህ ጋ ማሻሻያ የሚሆን ነገርም አለ። ሰባተኛው ሰው የሚመጣለት የስህተት መልእክት በአማርኛ ግልጽ ነው ወይ? ምን እንዳደርግ ይነግረኛል ወይ? ካልነገረው ያን መልእክት ማሻሻል የመጀመሪያ ስራችሁ ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም ብዙ ስራ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ዳሽቦርዱ ለአጭር ፕሮግራም የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት ይጠይቃል፣ ሰዓቱ ደግሞ በዩቲሲ (የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት) ነው። እኛ ዩቲሲን በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በዛ ላይ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ብለን የጠራነው ፕሮግራም በስልኩ ሰዓት 9፡00 ነው፣ በዩቲሲ ደግሞ 6፡00። ሶስት ቁጥር፣ አንድ ሰዓት። አሁን አንድ አዘጋጅ ከ3 እስከ 11 ሰዓት ነው ብሎ ፎርሙ ላይ ቀጥታ 3 እና 11 ቢሞላ ምን ይሆናል? መጀመሪያው 3፡00 ዩቲሲ ማለት እዚህ ንጋት 12 ሰዓት ነው፣ እሱ አይጎዳም። መጨረሻው ግን 11፡00 ዩቲሲ ሆነ፣ ይሄ በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከምሳ መልስ ሰው ሞቅ ብሎት ሲጽፍ የነበረው፣ ከ8 እስከ 11 ያለው ሶስት ሰዓት ሙሉ፣ አይቆጠርም። ጽሁፉ ዊኪፔዲያ ላይ አለ፣ አልጠፋም፣ ሪፖርቱ ላይ ግን የለም። ትክክለኛው አሞላል 6፡00 እና 14፡00 ነው።

ለዛሬ መፍትሄው ቀላል ነው፣ የመጨረሻ ሰዓቱን ሰፋ አርጉት፣ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ። ለዘለቄታው ግን ሶፍትዌሩ ላይ የሚጠየቅ ነገር አለ። ፎርሙ ከገባው ሰዓት ስር በተጠቃሚው አካባቢ ሰዓት ስንት እንደሆነ በትንሽ ጽሁፍ ቢያሳይ ብዙ ስህተት ይቀራል። ለአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ "ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ብሎ በኛ አቆጣጠር ቢጨምርበት የበለጠ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ካለው የአካባቢ ሰዓት ላይ 6 መቀነስ፣ ዜሮ ወይም ከዛ በታች ከሆነ 12 መጨመር፣ ከ12 ከበለጠ 12 መቀነስ።

ቀኑም እንደዛው። ተሳታፊው ጥር 11 ነው የሚያውቀው እንጂ ጃንዋሪ 19 ሲባል ቆም ብሎ ማስላት አለበት። ደስ የሚለው ነገር ይሄን ከዜሮ መጻፍ አያስፈልግም፣ ብራውዘሮች ውስጥ ኢንትል የሚባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል የኢትዮጵያን ካሌንደር ያውቃል። ቋንቋው አማርኛ ካሌንደሩ ኢትዮፒክ ተብሎ ሲጠየቅ 13ቱን ወራት፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ በትክክል ያወጣል። በእጅ "7 ዓመት ከ8 ወር ቀንስ" ብላችሁ እንዳትጽፉት፣ ምክንያቱም መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11 አንዳንዴ 12 ላይ ይውላል (በ2016 ለምሳሌ 12 ላይ ነበር) እና ኮዳችሁ በየ4 ዓመቱ በአንድ ቀን ይሳሳታል። አንድ ጥንቃቄ ደግሞ፣ ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው ቀን እንዳለ ይቆይ፣ የሚቀየረው ለአይን የሚታየው ብቻ ነው። ለውጡን ስትልኩ ይሄን ካልጻፋችሁ የሚገመግሙት ሰዎች ይሰጋሉ፣ ትክክልም ናቸው።

የቃል ቆጠራ

ሁለተኛው እኔ በጣም የምቆረቆርበት ነገር ይሄ ነው። ዊኪ ላይ የገጽ መጠን የሚለካው በባይት (ኮምፒውተር ውስጥ የሚይዘው ቦታ መለኪያ) ነው። የላቲን ፊደል አንዱ 1 ባይት ይወስዳል፣ የኛ ፊደል ግን አንዱ 3 ባይት ነው የሚወስደው። ጎንደር በኛ 4 ፊደል 12 ባይት፣ በላቲን 6 ፊደል 6 ባይት። ስለዚህ "ስንት ባይት ተጨመረ" የሚለውን ይዞ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ጸሐፊን ማወዳደር ትክክል አይደለም።

ከባይት ተነስቶ የቃል ብዛት የሚገመት ከሆነ ደግሞ አካፋዩ የእያንዳንዱ ቋንቋ መሆን አለበት። በምሳሌ እንየው፦ "ጎንደር የፋሲል ከተማ ናት።" 4 ቃል ነው። ፊደሉ 13፣ በ3 ሲባዛ 39 ባይት፣ 3 ክፍት ቦታ ሲጨመር 42፣ አራት ነጥቧ ራሷ 3 ባይት ናትና 45 ሆነ። ለእንግሊዝኛ በሚሆን ስሌት፣ ማለትም ወደ 5 ባይት አንድ ቃል ነው ብለን ብናካፍል 9 ቃል ይለናል፣ ከእጥፍ በላይ። ይሄ ቁጥር ተማሪ ውጤት ሊያገኝበት፣ ድርጅት ሪፖርት ሊያደርግበት ይችላል፣ የተጋነነ ቁጥር ደግሞ አንድ ቀን ሲጣራ ያሳፍራል።

ምን ታደርጋላችሁ? ኮዱ ውስጥ ባይትን ወደ ቃል የሚቀይረውን ቦታ ፈልጉ፣ "ወርድ ካውንት" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብትፈልጉ ይመጣል። ለአማርኛ ዊኪፔዲያ የተለየ ቁጥር ተቀምጦ ከሆነ ልኩን አረጋግጡ፣ ከሌለ እናንተ ለክታችሁ አቅርቡ። አለካኩ እንዲህ ነው፣ አማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ በደንብ የተጻፉ ሰላሳ አርባ ጽሁፎች ምረጡ፣ ርእሳቸው የተለያየ ይሁን፣ ሰንጠረዥ ብቻ የሆኑትንና አንድ መስመር የሆኑትን ተዉ። ሙሉ የዊኪ ጽሁፉን ከነምልክቱ ባይቱን ቁጠሩ፣ ከዛ ምልክቱ ወጥቶ ለአንባቢ የሚታየውን ቃል ቁጠሩ፣ አካፍሉ። ቃል ስትቆጥሩ ክፍት ቦታን ብቻ ሳይሆን ሁለት ነጥብንም እንደ መለያ ውሰዱ፣ አሁንም የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ። የተጠቀማችሁበትን የጽሁፍ ዝርዝርና ስክሪፕቱን አብራችሁ ላኩ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲለካው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ሩቢም ጃቫስክሪፕትም ላይ ብዙ ፕሮግራመር "ፊደል" ለማለት የሚጠቀምበት አጭሩ የሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ጽሁፍ ውስጥ መፈለጊያ ቀመር) ምልክት የላቲን ፊደልን ብቻ ነው የሚያውቀው። የፕሮግራም ስም፣ የተጠቃሚ ስም፣ የጽሁፍ ርእስ በግዕዝ ፊደል ሲገባ የሚጠፋ ወይም የሚቆረጥ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። በየገጹ ባለው መሙያ ሁሉ የአማርኛ ስም እያስገባችሁ ሞክሩ፣ ይሄ ኮድ የማይችል ሰው ሊሰራው የሚችል በጣም ጠቃሚ ስራ ነው።

አንድ ርእስ፣ ብዙ አጻጻፍ

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚለውን አንዱ በንጉሡ ሠ ይጽፈዋል፣ ሌላው በእሳቱ ሰ፣ አንዱ ብርሃን ሌላው ብርሀን ይለዋል። ለኛ አንድ ቤተክርስቲያን ነው፣ ለሶፍትዌሩ ግን አራት የተለያየ ርእስ ነው። ሁለት ሰው ሳይተዋወቅ አንድ ጽሁፍ ይጀምራል ማለት ነው። አማርኛ ዊኪፔዲያ ወደ 15,000 ጽሁፍ ያለው ትንሽ ዊኪ ነው፣ ድግግሞሹን የሚያጸዳ ብዙ ሰው የለም።

አዘጋጁ ቀድሞ ዝርዝሩን በአንድ አጻጻፍ አዘጋጅቶ ከዊኪው ላይ በሁሉም አጻጻፍ ፈልጎ ይጠብቅ፣ ለሌሎቹ ሪዳይሬክት (ወደ ዋናው ርእስ የሚወስድ ገጽ) ይስራ። በሶፍትዌሩ በኩል ደግሞ ሊጠየቅ የሚችለው፣ ሰው ርእስ ሲይዝ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ርእስ ቀድሞ ከተያዘ ማስጠንቀቂያ እንዲመጣ ነው። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በሁሉም ሰባት ቤት መልሶ፣ ሃን ከሀ ኣን ከአ ጋር አንድ አርጎ ማወዳደር ነው። ለማወዳደር ብቻ፣ ሰው የጻፈውን መቀየር የለበትም።

ትርጉም

ኮድ ለማትጽፉ ትልቁ በር ይሄ ነው። የዳሽቦርዱ ጽሁፎች ትራንስሌትዊኪ በሚባለው ድረገጽ ነው የሚተረጎሙት። አካውንት ትከፍታላችሁ፣ መጀመሪያ ጥቂት የሙከራ ትርጉም ይሰጣችኋል፣ ሲጸድቅላችሁ ትቀጥላላችሁ። ጊትሃብ ላይ ያለውን የአማርኛ ፋይል በእጅ አትንኩ፣ ከትራንስሌትዊኪ የሚመጣው ይደመስሰዋል። እንግሊዝኛው ራሱ ስህተት ካለው ብቻ ነው ኮዱ ላይ የሚስተካከለው።

ሁሉንም በአንዴ ለመጨረስ አትሞክሩ፣ ተሳታፊ በመጀመሪያ አስር ደቂቃ የሚያያቸውን ገጾች አስቀድሙ፣ መግቢያ፣ መመዝገቢያ፣ ጽሁፍ መያዣ። በተን ላይ "ግባ" ብትሉ ሴቷን ትተዋታላችሁ፣ "ይግቡ" ለወጣቱ ይከብዳል፣ "መግቢያ" ብትሉ ሁሉም ይስማማበታል፣ ይሄን አካሄድ በሁሉም ቦታ ጠብቁት። በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያሉ ቃላትን አትተርጉሙ፣ ሶፍትዌሩ ቁጥርና ስም የሚያስገባባቸው ናቸው፣ ቦታቸውን ግን ለአማርኛው አገባብ እንዲመች ማዘዋወር ትችላላችሁ። ነጠላና ብዙ ሲጠየቅ ደግሞ፣ በአማርኛ ደንብ 0ም 1ም ወደ ነጠላው ነው የሚገቡት፣ ስለዚህ ነጠላው ላይ "አንድ ጽሁፍ" ብላችሁ በፊደል እንዳትጽፉ፣ ዜሮ ሲሆንም "አንድ" ይላል።

ኮዱን ማሽናችሁ ላይ ማስነሳት

ሊኑክስ ኡቡንቱ ያለው ሰው ይቀለዋል፣ ዊንዶውስ ከሆነ ደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬድ) ጫኑ። ሩቢ፣ ኖድ፣ ማሪያዲቢና ሬዲስ ያስፈልጋሉ፣ ዶከር (ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ጠቅልሎ የሚያስኬድ) ለሚመርጥም መንገድ አለው፣ ትእዛዛቱ በሙሉ ኮዱ ውስጥ ባለው የሴትአፕ ሰነድ በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። የምሳሌ ኮንፊግ ፋይሎቹን ኮፒ አርጎ ስም መቀየር አትርሱ፣ ብዙ ሰው እዛ ነው የሚቆመው። ሎጊን እንዲሰራ ደግሞ ሜታዊኪ (የዊኪሚዲያ የጋራ ማስተባበሪያ ዊኪ) ላይ የኦኦት (በዊኪሚዲያ አካውንት ለመግባት የሚያስችል) መተግበሪያ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

የሚወርደው ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው፣ ስለዚህ በሞባይል ዳታ አትጀምሩት። ከግሩፑ አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲ ወይም ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ ያውርድ፣ የዶከር ኢሜጁን ሴቭ አርጎ በፍላሽ ለሌሎቹ ያዳርስ። መብራት እንደሚጠፋ አስባችሁ በየትንሹ ኮሚት አርጉ (ለውጡን ማሽናችሁ ላይ መዝግቡ)፣ ማታ ላይ ኔትወርኩ ሲቀል ፑሽ አርጉ (ወደ ጊትሃብ ላኩ)።

ሲነሳላችሁ የመጀመሪያ ሙከራ አንዲት የጽሁፍ መስመር መቀየር ይሁን፣ ገጹ ላይ ሲቀየር ማየት። ከዛ ቴስቶቹን (ኮዱ በትክክል መስራቱን የሚፈትሹትን) አስኪዱ፣ የሩቢው አርስፔክ ነው የጃቫስክሪፕቱ ጄስት፣ ሁሉንም በአንዴ ማስኬድ ረጅም ነው፣ የነካችሁትን ክፍል ብቻ አስኪዱ።

ኢሹ እና ፑል ሪኩዌስት

ከማስታወሻችሁ አንድ ነገር ምረጡ፣ አንድ ብቻ። ጊትሃብ ላይ ቀድሞ የተጻፈ መኖሩን ፈልጉ፣ ከሌለ ኢሹ (ችግሩን የሚገልጽ ማመልከቻ) ክፈቱ። ጥሩ ኢሹ ላይ የሚገባው፦ ምን ለማድረግ እየሞከርን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ምን መሆን ነበረበት፣ በምን ስልክና ብራውዘር፣ ስክሪንሾት። የኛን ሰዓት ለማያውቅ ሰው "3 ሰዓት ማለት 9፡00 ነው" ብላችሁ ከስር አስረዱ፣ እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ አቆጣጠር መኖሩን የማያውቅ ብዙ ነው። እንግሊዝኛችሁ ፍጹም እንዲሆን አትጨነቁ፣ ቁጥርና ምስል ካለው ይገባቸዋል። የተሳታፊ ስምና ኢሜይል ግን ስክሪንሾቱ ላይ እንዳይታይ ሸፍኑት።

ትልቅ ለውጥ ከሆነ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ኢሹው ላይ ሀሳቡን ጠይቁ፣ ሳምንት ሙሉ የተለፋበት ነገር "አቅጣጫው ይሄ አይደለም" ሲባል ያማል። ትንሽ ከሆነ ፎርክ አርጋችሁ (ኮዱን ወደራሳችሁ ገልብጣችሁ) ብራንች (ለዛ ለውጥ ብቻ የሚሆን ቅጂ) አውጡና ለውጡ እንዲገባ ጥያቄ፣ ማለትም ፑል ሪኩዌስት፣ ላኩ። ፑል ሪኩዌስቱ ላይ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ምስል አስገቡ። ሰዓቱን ከነካችሁ የቃል ቆጠራውን እዛው አትጨምሩ፣ ለየብቻ ላኩት። ገምጋሚው አስተያየት ሲሰጥ እንደ ነቀፋ አትውሰዱት፣ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ መልስ ሲዘገይ ሳምንት ጠብቃችሁ በትህትና አስታውሱ።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ለሆናችሁ ደግሞ፣ ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድና አውትሪቺ (ጀማሪዎችን በክፍት ኮድ ፕሮጀክት ላይ የሚያሰሩ ፕሮግራሞች) ላይ ለዚሁ ሶፍትዌር የተሰሩ ፕሮጀክቶች ነበሩ፣ ማመልከቻ ሲታይ ቀድማችሁ የላካችኋቸው ትናንሽ ለውጦች ይታያሉ።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ሙከራ ደግሞ አለ፣ ብራውዘሩ የገንቢ መሳሪያ ውስጥ ኔትወርኩን ወደ 3ጂ ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ አለው። የጨመራችሁት ነገር በዛ ፍጥነት ገጹን የሚያዘገይ ከሆነ እንደገና አስቡበት። ካሌንደር ለማሳየት ብሎ ትልቅ ላይብረሪ መጨመር ለምሳሌ፣ ብራውዘሩ ራሱ እያወቀው፣ የተሳታፊውን ዳታ በከንቱ መብላት ነው።

ለውጣችሁ ከገባ በኋላ ዋናው ሰርቨር ላይ ወዲያው ላይታይ ይችላል፣ ቀን ሊወስድ ይችላል። ሲወጣ የሙከራ ፕሮግራም ከፍታችሁ በስልክም በላፕቶፕም አረጋግጡ፣ ኢሹውን ዝጉ፣ ከማስታወሻው ደብተር ላይ ሰርዙትና ቀጣዩን ምረጡ። ደብተሩ ራሱ ደግሞ በአንድ ሰው እጅ አይቅር፣ በኦንላይን ሰነድ ገልብጡትና እዚሁ ጎንደር ማራኪም ይሁን አዘዞ ቀጣዩን ፕሮግራም ለሚያዘጋጀው ሰው ሊንኩን ስጡት፣ ያልተዘጉት ችግሮች ከላይ፣ የተዘጉት ከነኢሹ ቁጥራቸው ከታች።